የኤቢኤስ ኮድ ማንበቢያ ማሽን ከ10 ወር አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናብ ሲወርድ በዋለበት ቀን ከጎርጎራ ተመልሼ አዘዞ ስደርስ፣ በ2004 ሞዴል ኮሮላዬ ዳሽቦርድ ላይ ቢጫው የኤቢኤስ መብራት በርቶ ቀረ። ይህ መብራት ቁልፍ ሲዞር ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት፤ ሳይጠፋ ከቀረ ኮምፒውተሩ ጉድለት አግኝቶ ኤቢኤሱን ከሥራ አውጥቶታል ማለት ነው። ተራው ፍሬን ሲረገጥ ይይዛል፤ የሚቀረው፣ በድንገት አጥብቀን ስንረግጥ ጎማዎቹ እንዳይቆለፉና መሪው እንዲታዘዝ የሚያደርገው እገዛ ነው። ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወርደውን መንገድ በክረምት የሚነዳ ሰው ይህ እገዛ ምን እንደሚያህል ያውቃል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ፣ ዓመታዊው ምርመራ እንዳያስቸግረኝ አምፖሉን ነቅሎ ሊገላግለኝ ሐሳብ አቀረበ። ልጆቼን በየቀኑ የማመላልስበት መኪና ስለሆነ አልተስማማሁም። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሁሉ፣ ቁልፉ ሲዞር ይህ መብራት ሲበራ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ ምናልባት አንድ ሰው ነቅሎት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ርካሽ የጉድለት ኮድ ማንበቢያ ገዛሁ፤ መብራቱ ፊቴ እየበራ «ምንም ጉድለት የለም» አለኝ። ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከመሪው ሥር ያለው ባለ16 ቀዳዳ ሶኬት በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ የሆነው ለጭስ ቁጥጥር በመሆኑ፣ ርካሾቹ ማንበቢያዎች የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ያነጋግራሉ፤ ኤቢኤሱ ግን የራሱ ኮምፒውተር አለው። ስለዚህ ሻጩን «ኮድ ያነባል ወይ?» ሳይሆን «የኤቢኤስ ኮድና የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት ያሳያል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ የገዛሁትና አሁን የምገመግመው፣ በእጅ የሚያዘው ባለገመድ ማሽን ሁለቱንም ያሳያል።

ማሽኑ ያወጣው ኮድ ሲ0200 ነበር፤ በቶዮታ ቋንቋ የቀኝ ፊት ጎማ ፍጥነት ሴንሰር መስመር ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቸኩሎ ሴንሰር ይገዛል፤ እኔም ልገዛ ነበር። ያቆመኝ የጎማ ፍጥነቶችን የሚያሳየው ገጽ ነው። ልጄ ማሽኑን ይዞ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በዝግታ ስነዳ አራቱም ቁጥሮች 20፣ 20፣ 20፣ 20 እያሉ አብረው ሄዱ። መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዤ ስይዘው የቀኝ ፊቱ ብቻ 0 ሆነ፤ ሳቀናው ተመልሶ 20 አለ። የሞተ ሴንሰር መሪ ሲቀና ከሞት አይነሳም።

ይህን ለኤሌክትሪሺያኑ ስነግረው መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ፈታ፤ ቴስተሩን በሴንሰሩ ሶኬት ላይ ሰካና ሽቦውን በጣቱ ማጠፍ ጀመረ። ወደ 1.5 ኪሎ ኦም፣ ማለትም የጤነኛ ሴንሰር ልክ ያነበበው ቴስተር፣ ሽቦው ከሾክአብዘርበሩ ማሰሪያ ወደ ቦዲው በሚሻገርበት ቦታ ሲታጠፍ መስመሩ መቋረጡን አሳየ። «ጋሼ፣ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፤ የተበጠሰው ሽቦው ነው» አለኝ። ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ በውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሁለት ሦስት ክር ብቻ ቀርቶት ነበር። መሪ በተዞረ ቁጥር የሚታጠፍ ሽቦ በዓመታት ብዛት ይደክማል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው የክረምት ውኃ ደግሞ ጨረሰው።

ሽቦው በስታኞ ተበየደ፣ ኮዱ ተሰረዘ፣ መብራቱም ጠፋ። ሆኖም በታኅሣሥ ያው ኮድ ተመልሶ መጣ፤ ብየዳው ሽቦውን ግትር አድርጎት ስለነበር ከጎኑ ተበጠሰ። በሚታጠፍ ቦታ ላይ መበየድ ስሕተት መሆኑን ያኔ ተማርን። ሁለተኛ ጊዜ የሚታጠፈው ክፍል በሙሉ በአዲስ ሽቦ ተተክቶ መጋጠሚያው ከቦዲው ማሰሪያ ወዲያ፣ በማይታጠፈው ቦታ ላይ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ኮዱ አልተመለሰም። በጥር አንድ ማለዳ መብራቱ እንደገና ቢበራም፣ ማሽኑ ያወጣው ሲ1241 ማለትም የኤሌክትሪክ ኃይል ማነስን ነበር፤ የደከመውን ባትሪ ስቀይር ጠፋ። ማሽኑ ባይኖረኝ ያንን ሽቦ ሦስተኛ ጊዜ አስፈታው ነበር።

ጉድለቶቹንም ልናገር። የማሽኑ ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ መስኮቱ በቀትር ፀሐይ አይነበብም፤ የሌላ ፋብሪካ ምርት በሆነችው የወንድሜ መኪና ላይ ደግሞ የኤቢኤሱ ክፍል ጨርሶ አልተከፈተም። በዚህ ላይ እንደ እኔው ባለ አሮጌ ቶዮታ ላይ ኮዱን ብቻ ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም፦ በሶኬቱ 4 እና 13 ቁጥር ቀዳዳዎች መካከል ሽቦ ተደርጎ ቁልፍ ሲዞር፣ መብራቱ ራሱ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ ይደግማል፤ ይህ 31፣ ያው ቀኝ ፊት ነው። 16 ቁጥር ቀጥታ ከባትሪ ስለሚመጣ፣ ቀዳዳ የሚያሳስት እጅ ግን ይህን ባይሞክር ይሻላል። እኔ ያወጣሁት ገንዘብ የማይቆጨኝ በኮዱ ሳይሆን በጎማ ፍጥነቱ ገጽ ምክንያት ነው።

ቀዩ የፍሬን መብራትም አብሮ ከበራ ግን ኮድ ለማንበብ አትቸኩሉ፤ መኪናውን አቁማችሁ መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱን እዩ።

የግራው ሽቦ ዕድሜው ከቀኙ እኩል ነው። ክረምቱ ሳይገባ እሱንም አስፈትቼ፣ ጎማው በወረደበት ቴስተር ሰክቼ እያጠፍኩ ላየው ቀጠሮ ይዣለሁ።