የጋሼን ታይፕ ለማጽዳት የገዛኋቸው ዕቃዎች፦ ስፕሬዩ ወደቀ፣ የጥርስ ብሩሹ አለፈ

አጎቴ ጋሼ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ካረፉ በኋላ ታይፓቸው 11 ዓመት አልጋ ሥር ተኛች። ባለፈው ክረምት ባለቤታቸው እትዬ ቁርጡን ነገሩኝ። "ወይ ውሰዳት፣ ወይ ለቁራሌው እሰጣታለሁ።"

ኦሊቬቲ ናት። የሞዴሉ ስም ተፍቆ አይነበብም። ኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ እስካደርሳት ሁለት ቦታ አርፌያለሁ።

ወረቀት አስገብቼ ስሞክራት "መ" ሁለት ጥቁር ኳስ ሆና ታተመች። "ሠ" ደግሞ ጭቃ ላይ የተረገጠች ትመስላለች። ከሁሉ የባሰው ግን ቅጥያው፣ ማለትም ፊደሉን ካዕብ ወይም ሳልስ የሚያደርገው ምልክት ነው። ከ200 በላይ የሆነውን ፊደላችንን 50 በማይሞሉ ቁልፎች ለማስገባት፣ የአማርኛ ታይፕን ከሠሩት ከኢንጂነር አያና ብሩ ጀምሮ የተደከመበት ዘዴ ፊደሉን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ መምታት ነው። የእኔዋ የካዕብ ቅጥያዋ ተጣብቆ ስለማይነሳ "ሱሉልታ" ብዬ ስመታ "ሰለልታ" ትለኛለች። በዚህ ዓይነት የመሬት ክስ ቢጻፍ አስቡት!

መጀመሪያ የሮጥኩት መኪና መለዋወጫ ሱቅ ነው። ሻጩ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ ሰጠኝ። "ይቺን ርጭት አድርግባትና እያት" አለኝ። ርጭት አደረግኩባት። እውነትም ፊደል የሚመቱት ዘንጎች በአንዴ መዝለል ጀመሩ፣ እኔም አብሬ ልዘል ምንም አልቀረኝ። በአራተኛው ቀን ግን ከበፊቱ በባሰ ተጣበቁ። ለካ ስፕሬዩ ዘይት ጥሎ ይሄዳል፣ ዘይቱ ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ሳቁ። "ጋሼህም ሲደርቅባቸው ከወጥ ቤት ዘይት ጠብ ያደርጉባት ነበር።" ገባኝ። እኔ ዝገት ነው ያልኩት የደረቀ የምግብ ዘይት ነው! ስፕሬዩ ለመኪና ብሎን ይሁን፣ ለታይፕ ግን ዜሮ።

ጎረቤቴ ቤንዚን ሞክር አለኝ። የደረቀ ዘይት ይፈታል፣ ልክ ነው። ግን ልጆች ባሉበት ቤት፣ ከምድጃው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ? አላደረግኩትም።

ከፋርማሲ አልኮል ገዛሁ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። 70 ፐርሰንት የሚባለው፣ ቀሪው ውሃ ስለሆነ፣ ብረቱን ሊያዝግ ይችላል። ጠንከር ያለውን ጠይቁ። ከሱ ጋር አንድ ጠንካራ የጥርስ ብሩሽ በ40 ብር። በቃ፣ የዚህ ሁሉ ግምገማ ጀግና እሱ ነው።

አልኮሉን ከመክፈቴ በፊት ግን ሽፋኗን አውልቄ፣ በረንዳ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ገለበጥኳት። በብስክሌት ጎማ መንፊያም አናፈስኳት። የወጣው ጉድ ነው። ሁለት ስፒል፣ የካርቦን ቅዳጅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የላጲስ ፍርፋሪ በእፍኝ። ጋሼ ስንቱን ስህተት አጥፍተው ኖሯል!

ዘንጎቹ ከግርጌያቸው የሚሰኩበት፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ግማሽ ክብ ብረት አለ። በሽታው ያለው እዚያ ነው። ብሩሹን አልኮል እየነከርኩ ስንጥቆቹን ፈገፈግኩ፣ ቁልፎቹን እየመታሁ አላወስኩ፣ በጨርቅ ጠረግኩ፣ ደገምኩ። አራት ዙር ፈጀ። ጨርቁ ቡና የተደፋበት ይመስል ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ከዚያ በኋላ ዘይት የሚባል አይጨመርም። የፊደሎቹን ፊት በዚያው ብሩሽ ሳሽ "መ" ዓይኖቿ ተከፈቱ። የሲንጀር ዘይት አንድ ጠብታ ብቻ፣ እሱንም በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ፣ ሮለሩ (ወረቀት የሚጠቀለልበት ባለ ጎማ ዘንግ) ወዲያ ወዲህ የሚሄድበት ሐዲድ ላይ አደረግኩ።

ጥፋቴንም ልናገር። በአልኮሉ ተማርኬ ሽፋኑንም በሱ ወለወልኩት። የግራ ጥጉ ቀለም ከጨርቁ ጋር መጣ። ለውጭው አካል የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃ ነበር።

ሪቦን፣ ማለትም ቀለም የተነከረ ጥብጣብ፣ እዚህ ፈልጌ አጣሁ። የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ 13 ሚሊ ሜትሩን ላከችልኝ፣ ልክክ አለ።

አሁን "ሱሉልታ" ሱሉልታ ናት። አልኮልና ብሩሹን ከአምስት አምስት እሰጣቸዋለሁ። ያልተፈታው ሮለሩ ነው፤ ጎማው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ፊደሎቹ ወረቀት ይበሳሉ። ለሱ አልኮልም ሳሙናም መድኃኒት አይሆኑም። አዲስ ጎማ የሚያለብስ ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ። እስከዚያው ከጀርባ ሁለተኛ ወረቀት ደርቤ እየመታሁ ነው።