ከሬሳ የተሰፋው ጎለም፦ ውጊያው ግሩም፣ አሠራሩ ባዶ

ተጫዋቾች ጀግኖችን ወክለው ዳይስ እየጣሉ በሚጫወቱት በዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም፣ በፈረንጆች 2014 በወጣው የጭራቆች መጽሐፍ፣ ከሬሳ የተሰፋው ጎለም (በአስማት ሕይወት የተዘራበት ሰው ሠራሽ ፍጡር) የፈታኝነት ደረጃው 5፣ የሕይወት ነጥቡ 93፣ የመከላከያ ቁጥሩ፣ ማለትም እሱን ለመምታት ውርወራው ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር፣ 9 ብቻ ነው። 9ን የሚስት ተጫዋች ጥቂት ነው። ጉልበቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ አስማት የሌለው፣ አዳማንቲን ከተባለው ምናባዊ ጠንካራ ብረትም ያልተሠራ መሣሪያ ቢያርፍበት አይጎዳውም። የጨዋታ መሪው የቡድኑን መሣሪያ ሳያይ ካስገባው ጦረኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ጨዋታውም ይሞታል።

በተራው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንዱ ምት በአማካይ 13 ጉዳት ነው። መድኃኒቱ እሳት ነው። እሳት ከጎዳው እስከሚቀጥለው ተራው መጨረሻ ሲያጠቃ ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይወስዳል። የጉዳቱ መጠን ለውጥ የለውም፤ ችቦ የሚያደርሰው 1 ነጥብ ይበቃል። የመከላከያ ቁጥሩ 15 የሆነን ሰው የመምታት ዕድሉ ከ65 ወደ 42 በመቶ ይወርዳል። በየዙሩ አንድ ሰው ችቦ ይዞ መጠጋቱ ያዋጣል።

መብረቅ ግን ይፈውሰዋል። ከጎለሙ ጎን የቆመ ብልህ ጠንቋይ ጎለሙንና ተጫዋቾቹን በአንድ መስመር ሲያገኝ የመብረቅ ድግምቱን ይለቃል፦ 8 ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ፣ በአማካይ 28። እዚህ ላይ በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር አለ። ጎለሙ ድግምትን ሲቋቋም ሁለት ዳይስ ጥሎ ከፍተኛውን ይወስዳል፤ ከተሳካለት ጉዳቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ፈውሱም አብሮ ወደ 14 ይወርዳል።

ደካማው ደንብ እብደቱ ነው። ተራውን በ40 ነጥብ ወይም ከዚያ በታች ሲጀምር ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ 6 ከወጣ ወዳጅ ጠላት ሳይለይ ቅርቡ ያለውን ይመታል። ሠሪው በ60 ጫማ ውስጥ ካለ፣ በማግባባት ውርወራ 15 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ ያረጋጋዋል። ድንቅ ሐሳብ ነው፤ ግን ሦስት ተራ ቢቆይ እንኳ የማበድ ዕድሉ 42 በመቶ ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞ ይወድቃል። 5 ሲወጣም እንዲያብድ ቢደረግ ዕድሉ 70 በመቶ ይሆናል፤ ይህን ማሻሻያ ከልብ እመክራለሁ።

ጎለሙ የሚሠራበት መንገድ ግን ያሳዝናል። የሚያስፈልገው የጎለም መመሪያ የተባለ አስማታዊ መጽሐፍ፣ 60 ቀንና 50,000 የወርቅ ሳንቲም ነው፤ መጽሐፉ ይቃጠላል፣ አመዱ ሲነሰነስበት ጎለሙ ይነሣል። ሬሳው ከየት መጣ? ስለዚያ ምንም የለም። በፈረንጆች 2003 የወጣው የጨዋታው 3.5 እትም ብዙም ያልበሰበሱ ቢያንስ ስድስት የሰው ሬሳዎች ይጠይቃል፦ ለእጆችና ለእግሮች አራት፣ ራስን ጨምሮ ለደረትና ለሆድ አንድ፣ ለአንጎል አንድ። የ500 ወርቅ ቅባትና ማሰሪያም አለበት። ስድስት ትኩስ መቃብሮች ከተቆፈሩ ተጫዋቾቹ የሚከተሉት ዱካ አገኙ ማለት ነው፤ ይህ ዝርዝር ወደ አምስተኛው እትም ደንብ መመለስ አለበት። ከሁሉም የሚበልጠው የአንጎሉ ባለቤት ነው፦ የ2014ቱ ጎለም የሠሪውን ቋንቋ ይሰማል፣ መናገር ግን አይችልም፤ የሟቹ ዘመድ በዚያ ቋንቋ ስሙን ቢጠራው ይሰማዋል።