ያገለገለ የእርግብ ማሠልጠኛ ሳጥን ገዝተን ነበር፣ ሳጥኑ አሪፍ ነው ምስሎቹ ግን ጉድ ሠሩን

ማንም ስላልጠየቀኝ ዕቃ ሪቪው ልጽፍ ነው ሃሃ። አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ ነው የምሠራው (የሚንጠባጠበው ላብ አይደለም፣ እሱም ግን አለበት)፣ እርግቦቹን የምመዝነውም የምመግበውም እኔ ነኝ፣ ባለፈው ዓመት ከኦንላይን ሻጭ ሰከንድ ሃንድ ሳጥን ገዛን።

ለማታውቁት፣ ትልቅ ማይክሮዌቭ የሚያክል የብረት ሳጥን ነው፣ ፊት ለፊት ስክሪን ከስሩ ደግሞ ጥሬ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው። እርግቧ ምስሉን በምንቃሯ ትነካለች፣ ልክ ከሆነች ጥሬው ለ3 ሰከንድ ብቅ ይልላታል፣ ከተሳሳተች መብራት ይጠፋባታል፣ በቃ። ነገሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የስኪነር ነው፣ ያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እርግብ ቦምብ ውስጥ ገብታ ዒላማውን እየነቆረች እንድትመራው ያሠለጠነው ሰውዬ፣ ጦሩ ግን ሳይጠቀምበት ቀረ።

ከጥሩው ልጀምር። የጥሬው ሞተር ድምፁ ዝቅ ያለ ነው አያስደነግጣቸውም። ስክሪኑ ዙሪያ ያለው ፍሬም ኢንፍራሬድ (ንክኪን በማይታይ ብርሃን የሚያውቅ) መሆኑ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፣ ታብሌት ገጥሜ እሠራለሁ የምትሉ ብራችሁን አታቃጥሉ፣ ስልክ በጥፍራችሁ ስትነኩት እንደማይሰማው ምንቃርም አይሰማውም። አዲሶቹን ወፎች ማስተማር እንኳን አላስፈለገንም፣ ስክሪኑ ይበራል ከዛ ጥሬ ይመጣል፣ ይሄ ሲደጋገም ራሳቸው መንቆር ጀመሩ (ብራውንና ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳዩት ነው፣ በዓይን ሲያዩት ግን ሌላ ነው)።

ከሳጥኑ ጋር የመጣው ሞኒተር የድሮው ባለ ከርሱ ነው፣ ወዲያው አውጥተን ኤልሲዲ ገጠምንበት። ለእኛ ቀጥ ብሎ የቆመ ምስል ለእርግብ ይርገበገብባታል፣ ዓይኗ ከኛ ይፈጥናል። ቀለሙም ያው ነው፣ ስክሪን ሦስት ቀለም ቀላቅሎ የሚያታልለው የሰውን ዓይን ነው፣ እሷ አልትራቫዮሌት ጭምር ታያለች። ስለዚህ ጉትማንና ካሊሽ በ1956 የሠሩትን፣ አንድ ቀለም አስተምሮ ቀለሙ ትንሽ ትንሽ እየራቀ ሲሄድ ንቆራው እንዴት እንደሚቀንስ ማየት የሚፈልግ ሰው በስክሪን አይሞክረው፣ የተጣራ የአንድ ሞገድ ብርሃን ይፈልጋል።

አሁን ጉዱ። ሶፍትዌሩ «ዛፍ ያለበት» እና «ዛፍ የሌለበት» የሚል የፎቶ ፎልደር ይዞ መጣ። ሄርንስታይንና ጓደኞቹ በ1976 እርግቦች ዛፍ ያለበትን ፎቶ ከሌለበት እንደሚለዩ ስላሳዩ እኛም ደስ ብሎን ጀመርን። ቡሬ ያልኳት ነጠብጣቧ እርግብ በሦስት ሳምንት ከ10 9 መመለስ ጀመረች፣ እኔማ እንደ ልጄ ኮራሁባት። ከዛ ራሳችን ያነሳናቸውን አዲስ ዛፎች ስናሳያት ዝም ብላ መገመት ሆነ። ምንድነው ብለን ፎልደሩን ብንመረምረው ዛፎቹ በሙሉ ጠራራ ፀሐይ ላይ የተነሱ ናቸው፣ ዛፍ የሌለባቸው ደግሞ ቤት ውስጥ! ልጅቷ የተማረችው ብርሃን ነው፣ ዛፍ ጉዳይዋም አይደለም። የዋህ እንደ ርግብ ተባለ እንጂ ሞኝ እንደ ርግብ አልተባለም።

የጃፓን ኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1995 የሠዓሊዎቹን የሞኔንና የፒካሶን ሥዕሎች እርግቦችን አስለይተው አዲስ ሥዕል፣ ከዛም አልፎ እንደ ሞኔ የሚሥለውን የሬኗርንና እንደ ፒካሶ የሚሥለውን የብራክን ሲያሳዩ ወፎቹ በትክክል መደቡት፣ የሞኔን ሥዕል ሲዘቀዝቁባቸው ግን ተምታታባቸው፣ ፒካሶ ሲዘቀዘቅ ምንም አልመሰላቸውም። በ2015 በጡት ካንሰር ምስል የተፈተኑት እርግቦችም፣ በማይክሮስኮፕ የተነሳውን የጡት ቲሹ ካንሰር ይሁን አይሁን አይተውት በማያውቁት ምስል ላይ እንኳን 85% ገደማ ለዩት፣ በማሞግራም (በጡት ራጅ) ላይ ያለውን እብጠት ግን ያዩዋቸውን ፎቶዎች ሸመደዱ እንጂ ወደ አዲስ አላሻገሩትም። እንግዲህ የቡሬ ነገር ብቻዋን አይደለም ብዬ ተጽናናሁ።

ሌላው ያናደደኝ ሶፍትዌሩ በፈተና ምስል ላይም ጥሬ መስጠቱ ነው፣ ጥሬ ከሰጠሃትማ እዛው እየተማረች ነው፣ ድሮ የምታውቀውን ይሁን አሁን የያዘችውን በምን ትለያለህ? እሱን የሚያጠፋ ሴቲንግ ፈልጌ አጣሁ፣ ማኑዋሉም አይልም፣ ኮዱን አንድ ተማሪ ነው በሁለት ቀን ያስተካከለልን።

ከ5 3 ሰጥቼዋለሁ፣ ሦስቱም ለሳጥኑና ለፍሬሙ ነው። የምትገዙ ካላችሁ የፎቶ ፎልደሩን ሳትከፍቱ ደልቱትና ጠዋትም ማታም ደመናም ላይ ራሳችሁ አንሱ። ቡሬ አሁን በአዲሶቹ ፎቶዎች ከ10 7 ደርሳለች፣ የስልክ እንጨትን ግን እስካሁን ዛፍ ነው እያለች ነው።