ቱሉ ዲምቱ ያለው አካውንታንት፤ ለቤት ውስጥ ሥራ ግብር እንዴት ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ኬክ እየጋገርኩ ለካፌዎች አስረክባለሁ። የ2015ን ግብር ያሠራሁት አደባባዩ አካባቢ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለ አንድ አካውንታንት ጋ ነው። 4,500 ብር ከፈልኩ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ከሱ በፊት የሄድኩበትን ላንሳ። ሌላ ሰፈር ነው። ደረሰኝ እንኳ ሳያይ "ወጪሽን ስንት እናድርገው?" አለኝ። ደረሰኝ ከጎደለም "ይገኛል" አለ። ከየት እንደሚገኝ አልጠየቅኩም፣ ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

የቱሉ ዲምቱው ግን የደረሰኝ ፌስታሌን ይዤ ገና ስገባ "ፌስታሉን ገልብጪው" አለኝ። ዘረገፍኩት። ሽያጬ 620,000 ብር ገደማ ስለነበር ያኔ ደረጃ ለ (የመካከለኛ ነጋዴ የግብር ደረጃ) ነበርኩ፤ መዝገብ መያዝ ግድ ነበር፣ ግን ገቢውን ለማግኘት ያወጣሁት ወጪ ይቀነስልኝ ነበር። (ሕጉ በ2017 ተሻሽሏል፤ የአሁኑን እሱን ጠይቁት።)

ዱቄትና ስኳሩ የማሽን ደረሰኝ ስላለው አለፈ። እንቁላሉና ቅቤው ላይ ተያዝኩ። ከገበያ ነው የምገዛው፣ ማን ደረሰኝ ይሰጣል? አንዱንም አልያዘልኝም። የቤት ኪራዩም እንደዚያው፤ አከራዬን ውል እንዋዋል ስላት "ልታስበይኝ ነው?" ብላ ዘጋችኝ። መብራቱን ሙሉውን ላስገባ ስል ደግሞ ሳቀብኝ። "የልጆቹ ቴሌቪዥንም እኮ ከዚያው ቆጣሪ ነው የሚጠጣው" አለ። ኦቨኑ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበራ ጠይቆኝ፣ ለሥራው የሚደርሰውን ብቻ ያዘ። 42,000 ብር የገዛሁትን ኦቨንም ባንዴ ወጪ ማድረግ አልተቻለም፤ እርጅና (ዋጋው በየዓመቱ ተከፋፍሎ የሚቀነስበት) ነው የተሰላለት፣ በዓመት 15 በመቶ፣ ማለትም 6,300 ብር።

ብሩን ያስመለሰልኝ ዊዝሆልዲንጉ (ገዢው ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚቆርጠው ግብር) ነው። ካፌዎቹ ከ10,000 ብር በላይ ሲገዙኝ 2 በመቶ ይቆርጡ ነበር፣ እኔ ደግሞ የሄደ ገንዘብ ነው ብዬ ደረሰኙን ከማንኪያና ከክብሪት ጋር መሳቢያ ውስጥ ስጥለው ነው የከረምኩት። "ሂጂና አምጪው" ብሎ መለሰኝ። 11 ደረሰኝ፣ 3,740 ብር! ይሄ እንደ ወጪ ከትርፍ ላይ የሚቀነስ አይደለም፤ ከምትከፍሉት ግብር ላይ በቀጥታ ነው የሚነሳው። የሱን ክፍያ አብዛኛውን ሸፈነልኝ።

ቅሬታም አለኝ። ሐምሌ ከገባ ስልክ አያነሳም። ሦስት ጊዜ "ነገ ነይ" ተብዬ ተመልሻለሁ፣ በዚያ ጭቃ። ያኔ የደረጃ ለ መክፈያ ጊዜ በጳጉሜን ያልቅ ስለነበር ነሐሴን በጭንቀት ነው ያሳለፍኩት። መጨረሻ ላይ "የወረቀት" ብሎ 500 ብር ጨመረብኝ፤ ከመጀመሪያው ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ግንቦት ላይ ሂዱ፣ ዋጋውንም አስቀድማችሁ ጨርሱ።

የማሽን ደረሰኝ ደግሞ ይደበዝዛል። ኦቨኑ አጠገብ ያስቀመጥኳቸው ግማሾቹ ነጭ ወረቀት ሆነው ነበር። አሁን ከታች ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ነው ወደሱ የምወጣው። እንቁላልም ደረሰኝ ከሚሰጥ እርባታ መግዛት ጀምሬያለሁ። ትንሽ ይወደዳል።