«የመቼ ዘር ነው?» ብለው ለሚጀምሩ የችግኝ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ዘር ይዞ ሄዶ «ይህን ያፍሉልኝ» ለሚላቸው ሁሉ እኚህ ባለሙያ አስቀድመው የሚጠይቁት «የመቼ ዘር ነው?» ብለው ነው። መልሱን ከሰሙም በኋላ ይፈትሹታል እንጂ እንዲሁ አያምኑም። የጓሮ አትክልት የምንሠራ ሰዎች ተሰባስበን ይህን ምስጋና የምንጽፈው ለዚሁ ፍተሻቸው ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልወደዱ ሥራቸውን ብቻ እንናገራለን።

የሽንኩርት ዘር ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ካለፈው ጉልበቱ ያልቃል። የቲማቲም ዘር ግን ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጠ 4 ወይም 5 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሁለቱንም ቢሆን ቆጥረው ነው የሚያረጋግጡት። 20 ፍሬ በእርጥብ የወጥ ቤት ሶፍት ላይ ይደረድሩና ይጠቀልሉታል፤ ከዚያ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ባልታሰረ ፌስታል ውስጥ አድርገው ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡታል። ብዙ ሰው እቤቱ ሲሞክር የሚበላሽበት የእርጥበቱ ልክ ላይ ነው። ሶፍቱ ተነክሮ ከተጨመቀ በኋላ ሲነኩት ጣት ያርጥብ እንጂ አይንጠባጠብ። ዘር መጎንቆል ሲጀምር አየር ይፈልጋል፤ ውኃ ከተኛበት ታፍኖ ይበሰብሳል። ከ20ው 14ቱ ከጎነቆሉ 70 በመቶ ነው፤ በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ፍሬ ዘርቶ በኋላ ደካማውን ማንሳት ይበቃል። ከግማሽ በታች ከሆነ ግን ዘሩን ለባለቤቱ ይመልሱለታል። ገንዘቡን ተቀብለው ዝም ብለው ቢዘሩት ማን ያውቅባቸው ነበር?

ሌላው የሚያስመሰግናቸው ከየቦታው የሚሰማውን የቤት ዘዴ ሁሉ ሳይንቁትም ሳይቀበሉትም ጎን ለጎን መሞከራቸው ነው። ከአንድ እሽግ የወጣ ዘር ለሁለት ይከፈላል፤ አፈሩ፣ ሙቀቱና ቀኑ አንድ ሆኖ የሚለየው ነገር አንድ ብቻ ይሆናል። «የተንሳፈፈ ዘር ባዶ ነው» የሚለውን እንውሰድ። የቃሪያ፣ የካሮትና የሰላጣ ዘር ቀላል ስለሆነ ደህናውም ይንሳፈፋል፤ ተንሳፈፈ ብሎ መድፋት ጤነኛ ዘር መድፋት ነው። ውጤት ሲያነቡም አይቸኩሉም። ከ20 ፍሬ አንዱ ወገን 14 ሌላው 16 ቢበቅል ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል «ይኼኛው በለጠ» አይሉም፤ በርከት ባለ ዘር ይደግሙታል።

መዘፍዘፍ ለሁሉም ዘር አይሆንም። አተር፣ ባሚያና ቀይ ስር ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ውኃ ውስጥ ቢዘፈዘፉ ይጠቀማሉ። (ቀይ ስር እንደ አንድ ፍሬ የሚታየው የብዙ ዘሮች ጥርቅም ነው፤ ከአንዱ ሁለት ሦስት ቡቃያ ቢወጣ አትደነቁ፣ አሳሱት።) ፎሶሊያን ግን ውኃ ውስጥ አይጨምሩትም። በጣም የደረቀ የፎሶሊያ ዘር ውኃውን በአንዴ ሲስብ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በእርጥብ ሶፍት መሃል ቀስ ብሎ እንዲጠጣ ያደርጉታል።

ሙቀትን በተመለከተ ቴርሞሜትር የሚሰኩት አፈሩ ውስጥ ነው። እርጥብ አፈር ውኃው ሲተን ስለሚቀዘቅዝ ከክፍሉ አየር ዝቅ ይላል። ቃሪያ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይወዳል፤ 15 ዲግሪ ላይ ሳምንታት ይተኛና «ሞተ» ተብሎ ይደፋል። ሰላጣ ደግሞ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን አብዛኛው ዝርያው እንቢ ይላል። ሁለቱን አንድ ትሪ ላይ ዘርቶ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ከሁለት አንዱን ማጣት ነው። ሰላጣ ብርሃንም ስለሚፈልግ ከላይ በትነው ጫን ጫን ያደርጉታል እንጂ አይቀብሩትም። ሌላውን የዘሩን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ያለብሱታል።

ለባለሙያ መስጠት የሚያዋጣው የሙቅ ውኃ ሕክምናው ነው ብለን እናምናለን። ከራስ ማሳ የተለቀመ የቲማቲም ወይም የጥቅል ጎመን ዘር የባክቴሪያ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዘሩን በስስ ጨርቅ ቋጥረው መጀመሪያ 37 ዲግሪ በሆነ ውኃ 10 ደቂቃ ያሞቁታል፤ ቀጥሎ ልክ 50 ዲግሪ በሆነ ውኃ 25 ደቂቃ ያቆዩታል። ከዚያ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ተዘርግቶም ይደርቃል። ሙሉውን 25 ደቂቃ ዓይናቸው ከቴርሞሜትሩ፣ እጃቸው ከማማሰያው አይለይም። ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ካለ በሽታው ይተርፋል፤ ጥቂት ከፍ ካለ ዘሩ ይቀቀላል። ያረጀ ዘር ይህን ስለማይችል አስቀድመው በትንሹ ሞክረው ያያሉ።

የጎነቆለውን ከሶፍት ወደ አፈር ሲያዛውሩ ማየት ደስ ይላል። ስሩ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ሳይረዝም፣ በረጠበ የጥርስ እንጨት ጫፍ ዘሩን ራሱን ያነሳሉ፤ ስሩን አይነኩም። ስሩ ሶፍቱ ውስጥ ገብቶ ከተያዘ አይጎትቱትም፤ ዙሪያውን በመቀስ ቆርጠው ከነሶፍቱ ይተክሉታል። ቡቃያ ሲያዛውሩ ደግሞ የሚይዙት መጀመሪያ በሚወጣው የዘር ቅጠሉ ነው። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይተካል፤ ግንዱ ከተጨፈለቀ ግን ቡቃያው አለቀለት።

ቡቃያ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ክር ቀጥኖ የሚወድቅበትን በሽታ በተመለከተ ምንም ተአምር አይሸጡም። ቀረፋ መነስነስን ሲጠየቁ «አይጎዳም፣ ግን የጥንቃቄውን ቦታ አይተካም» ይላሉ። የሚያደርጉት ይህ ነው፤ ትሪ ያጥባሉ፣ አራርቀው ይዘራሉ፣ ከታች ያጠጣሉ፣ ግማሹ እንደበቀለ የፕላስቲክ ክዳኑን ያነሳሉ።

ቅር የሚያሰኝ ነገር ካለ ወረፋቸው ነው። ፍተሻው ራሱ ቀናት ስለሚወስድ «ለነገ አድርሱልኝ» የሚል ሰው ባይሄድ ይሻለዋል። ችግኙንም ከ7 እስከ 10 ቀን ቀስ በቀስ ከፀሐይና ከነፋስ ጋር ሳያለማምዱ አያስረክቡም፤ ቢለምኗቸውም አይሰጡም።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስትሄዱ ዘሩን ከነእሽጉ ያዙ፣ ቀኑና ዝርያው እዚያ ላይ ነው። ራሳችሁ የለቀማችሁት ከሆነ የለቀማችሁበትን ወርና የት እንዳስቀመጣችሁት ጽፋችሁ ሂዱ። ለፍተሻ የሚጠፋ 20 ፍሬም ጨምሩበት፤ ያንን አይመልሱም።