በየሳምንቱ 20 ሊትር ወይስ በወር አንዴ 80?

ቤታችሁ 200 ሊትር የሚይዝ የኮራል አኳሪየም፣ ማለትም ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ፣ አለ እንበል። ውሃውን በየሳምንቱ 20 ሊትር መቀየር ይሻላል ወይስ በወር አንዴ 80?

በሒሳብ ትልቁ ያሸንፋል፤ ግን ለጥቂት ነው። ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትራፊ የሚመጣው ናይትሬት 20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ) ቢሆንና ሌላ ባይጨመርበት፣ የ80 ሊትሩ ቅየራ ወደ 12 ያወርደዋል። አራቱ ትናንሾች ደግሞ ወደ 13። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የምትደፉት ውሃ ውስጥ ባለፈው የጨመራችሁት አዲስ ውሃም አለበት፤ ልዩነቱ ከዚያ ይመጣል።

ኮራል ግን ሒሳብ አያውቅም። አዲሱ ውሃ በሁለት ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ 20 ሊትሩ የገንዳውን ሙቀት የሚቀንሰው በ0.2 ነው። 80 ሊትሩ በ0.8። የጨው መጠኑም፣ አልካሊኒቲውም (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) እንደዚያው። ያን ቀን ኮራሉ ተሸማቆ ይውላል። ውሃው ጎድሎ ላይኛው ኮራል አየር ላይ ሲቀርማ አይጣል ነው።

እኔ የሳምንቱን እመርጣለሁ። ማታ አንድ ባልዲ የተጣራ ውሃ ውስጥ 700 ግራም ገደማ የአኳሪየም ጨው እጨምራለሁ። ትንሽ ፓምፕና ማሞቂያ ከትቼበት ያድራል። ጠዋት ጨዉ 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ)፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ መሆኑን አይቼ እቀይራለሁ። ለ80 ሊትር በርሜል ያስፈልጋል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በርሜል የት ይቀመጣል?

ትልቁን የማደርገው ዓሣ ድንጋይ ስር ሞቶ ሲበሰብስ ብቻ ነው።