ለቆየ ቤት የትኛው ዲመር ይሻላል? ትራያክ፣ ትሬሊንግ ኤጅ ወይስ ስማርት አምፖል

ደሴ ላይ ጉም ሲወርድ በቆዩት ቤቶች ሳሎን ቀን በቀን መብራት ይበራል። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ፣ ኮምቦልቻ ያሉ የቆዩ ሆቴሎችም፣ ከድሮው አምፖል ዘመን የቀረ ክብ ዲመር፣ ማለትም ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ፣ ግድግዳቸው ላይ አለ። አምፖሉ ወደ ኤልኢዲ ሲቀየር ዲመሩ እዚያው ይቀራል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ መብራቱ ይርገበገባል፣ ዲመሩ ይጮኻል፣ ጠፋ ሲሉት ጭል ጭል ይላል።

ሒሳቡን እንሥራው። አምስት ባለ 60 ዋት አምፖል 300 ዋት ነበር። በባለ 7 ዋት ኤልኢዲ ሲተካ 35 ዋት ብቻ ይሆናል። ብዙዎቹ የድሮ ዲመሮች ደግሞ 40 ወይም 60 ዋት ካልተጫነባቸው በወጉ አይሠሩም። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን አንድ የድሮ አምፖል መስመሩ ላይ ትቶ ነገሩን ያስታግሳል። ይሠራል፤ ግን ኤልኢዲ የገዛነው ቆጣሪው ቀስ እንዲል አልነበር?

በዋጋ የሚረክሰው ትራያክ፣ በሌላ ስሙ ሊዲንግ ኤጅ የሚባለው ነው። የኤሌክትሪኩን ሞገድ ከመጀመሪያው ይቆርጣል፤ ስለዚህ ኃይሉ በድንገት ነው የሚገባው። የድሮው አምፖል ይህ ግድ አይሰጠውም። ኤልኢዲ ውስጥ ያለው ድራይቨር፣ ኃይሉን ለአምፖሉ የሚያመቻቸው ክፍል፣ ግን ብዙ ጊዜ አይስማማውም፤ ጩኸቱም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ትሬሊንግ ኤጅ የሚቆርጠው ከመጨረሻው ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ በጥቂት ዋትም ይሠራል። ዋጋው ጠና ይላል። ለመኖሪያ ቤት ከሆነ ግን ሳላመነታ እሱን እመርጣለሁ።

ሻጩ ልዩነቱን ካላወቀ ዲመሩ ላይ የታተሙትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ይዩ። አር እና ኤል ከሆነ ሊዲንግ ኤጅ ነው። አር እና ሲ ከሆነ ትሬሊንግ ኤጅ። ሦስቱም ካሉ ለሁለቱም ይሆናል። በትልቁ የተጻፈው 400 ዋት ደግሞ አይሸውድዎ፤ እሱ ለድሮው አምፖል ነው። ለኤልኢዲ የሚችለው ለብቻው ይጻፋል፣ በጣምም ያንሳል። ዝቅተኛውን ብርሃን የምታስተካክል ትንሽ ብሎን ያለው ከተገኘ ጨምሮ መግዛት አያስቆጭም። ማታ ኃይል ሲደክም መብራቱ ድርግም እንዳይል በዚህች ብሎን ዝቅተኛውን ብርሃን ከፍ አድርጎ መተው ይቻላል።

ትራያክ የሚያሸንፍበት ቦታም አለ። ሆቴሉ ኮርኒስ ላይ ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ያላቸው ባለ 12 ቮልት ሃሎጅኖች ካሉ፣ ትሬሊንግ ኤጅ ለእነሱ አይሆንም። የእኔ ምክር ትራንስፎርመሩን አውጥቶ ባለ 220 ቮልት ኤልኢዲ መግጠም ነው።

በስልክ የሚታዘዘው ስማርት ዲመርስ? ብዙዎቹ ኒውትራል የሚባለውን የመመለሻ ሽቦ ይፈልጋሉ። በቆየ ቤት የማብሪያ ሳጥን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ፌዙና ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ነው። ለአንድ ዲመር ሲባል የድንጋይ ግድግዳ አይቦረቦርም። ስማርት አምፖል ከዚህ ያድናል፤ ዲመር አይፈልግም፣ እንዲያውም የነበረውን አውጥቶ ተራ ማብሪያ መተካት ግድ ነው። አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ብዙው መብራት ሄዶ ሲመጣ በሙሉ ብርሃን ይበራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሳሎኑ ቦግ ሲል ያስቡት! ይህን የሚያስተካክል ምርጫ እንዳለው ሳይጠይቁ አይግዙ።

መብራት ሲሄድ ከባትሪ የሚያበራ ኢንቨርተር ካለዎት ንጹህ ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ መስመሩ ኤሌክትሪክ ለስላሳ ሞገድ፣ የሚያወጣ ይሁን። ሞዲፋይድ ከሚባለው ጋር ትራያኩም ትሬሊንግ ኤጁም አይስማሙም።

አምፖሉ ላይ ዲመብል የሚል ከሌለ ደግሞ የትኛውም ዲመር አያድነውም። ብሬከር አስጠፍተው የሳጥኑን ጥልቀት በባለሙያ ያስለኩ፤ ዲመር ከተራ ማብሪያ ይወፍራል። የሽቦው ሽፋን የሚፈረፈር ከሆነ ገንዘቡ መጀመሪያ ለሽቦው ይዋል። ከዚያ ዲመሩንና አምፖሎቹን ከአንድ ሱቅ ይግዙ፤ እዚያው አንድ ላይ አስገጥመው እስከ ታች ያውርዱት። ካልተርገበገበ ይክፈሉ።